ለሜዳችን ጨዋታ 180 ኪሎ ሜትር

ዓርብ፣ ነሐሴ 3 ቀን 2011፦ አዲስ አበባ፣ ዓባይ በረሃ፣ ጎንደር

ጨዋታው ባሕር ዳር ነው። እኔ ትኬት የቆረጥኩት ግን ለጎንደር ነው። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ነጋዴ ይህን ሲሰማ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ታዲያ ባሕር ዳር ላይ ለምን አትወርድም? አልፈኸው ሄደህ ደግሞ ልትመለስ?» አለኝ። እውነቱን ነው። መንገዱ በባሕር ዳር ያልፋል። አልፌ ጎንደር ገብቼ፣ እሑድ ያንኑ 180 ኪሎ ሜትር ልመለስ ነው። ግን የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ በታሪኩ የመጀመሪያውን የአህጉር ጨዋታ ሲያደርግ፣ ስታዲየም በር ላይ ብቻዬን ከባጃጅ መውረድ አላማረኝም። ከጎንደር ልጆች ጋር እየጨፈርኩ ልሄድ ነው የፈለግኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋሲል የኢትዮጵያ ዋንጫን ወስዶ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ ለሚያካሂደው የክለቦች ውድድር፣ ለኮንፌዴሬሽን ካፕ አለፈ። ቅድመ ማጣሪያው ላይ የደረሰው የታንዛኒያው አዛም ነው። የጎንደሩ ስታዲየም የካፍን መስፈርት ስለማያሟላ «የሜዳችን ጨዋታ» ባሕር ዳር ላይ ሆነ። ሜዳችን የሌላ ከተማ ሜዳ ነው ማለት ነው።

ከአዲስ አበባ ንጋት 11 ሰዓት ወጣን። እስከ ጎሐ ጽዮን እንቅልፍ ነው፤ የሚወራ የለም። ዓባይ በረሃ ስንገባ ግን ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል። ሾፌሩ መብራት አብርቶ በቀስታ ይወርዳል። ወደ ድልድዩ ሳንደርስ ቆምን። አንድ ሲሚንቶ የጫነ ተሳቢ ኩርባው ላይ ተጋድሞ ቆሟል፤ መንገዱን ሙሉ ዘግቶታል። ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና። ሁለት ሰዓት ተኩል እዚያው። ጭጋጉ ሲገፈፍ ሸለቆው ወለል ብሎ ታየ፤ ለዚያ ብቻ መዘግየቱን ይቅር አልኩት። ደጀን ስንወጣ ብርዱ ተቀበለን።

ምሳ ደብረ ማርቆስ። ፍልሰታ ስለሆነ ምርጫው አንድ ነው፤ ተጋቢኖ። 45 ብር። ሸክላ ድስቱ እየተንተከተከ መጣ፤ ቃሪያው ለብቻው። አዲስ አበባ እኔ ሰፈር በዚህ ብር የሚመጣው ሽሮ ውሃ ውሃ ይላል። እዚህ እንጀራው ሳይቀር ሁለተኛው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ነው። ኮሶበር ላይ ደግሞ ልጆች የተቀቀለ ድንች በሳህን ይዘው መስኮቱ ሥር ተሰለፉ። ሚጥሚጣው በወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚሰጥህ። አውቶቡሱ ሙሉ ሲልጥ፣ ሲያቃጥለው፣ ሲስቅ ባሕር ዳር ደረስን።

ከባሕር ዳር በፊትም በኋላም ፍተሻ ነበር። የክልሉ ፕሬዝዳንት ባሕር ዳር ላይ የተገደሉበት የሰኔው ነገር ገና ትኩስ ነው፤ ማንም አላጉረመረመም። ወረድን፣ ተፈተሽን፣ ተሳፈርን። ነጋዴው ባሕር ዳር ላይ ሲወርድ «እሑድ እንገናኝ፤ አንተ ግን ደክሞህ ነው የምትመጣው» ብሎኝ ሄደ።

ጎንደር የገባሁት ከምሽቱ 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አክስቴ በር ላይ ቆማ ነበር። «ኧረ ልጄ፣ ይኼ ኳስ የሚሉት ገደለህ እኮ!» አለችና እግር ውሃ አቀረበችልኝ።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4፦ ጎንደር

ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲያወርደው አደረ። ጠዋት ፊቴን ልታጠብ ቧንቧውን ስከፍት ጠብታ የለም። ጎንደር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የአክስቴ ሰፈር ፈረቃ ደግሞ ሩቅ ነው። እሷ ግን አልተበገረችም። ከአሸንዳው ሥር አምስት ባልዲና አንድ በርሜል ደርድራለች። ለልብስና ለእቃ የሰማዩ፣ ለመጠጥ ቢጫው ጀሪካን። «ክረምት ሲሆን ሀብታም ነን» ትላለች። አዲስ አበባም ውሃ ይጠፋል፤ ግን ሰዉ የአሸንዳ ውሃ ማጠራቀም የተወ ይመስለኛል። እዚህ ሥርዓት አለው። የመጀመሪያው ዝናብ ጣራውን አጥቦ እስኪያልፍ ይጠበቃል፤ ባልዲው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

እሷ ፍልሰታን እስከ 9 ሰዓት ነው የምትጾመው። እኔ ቁርሴን ልበላ ፒያሳ ወጣሁ። ጣልያን የሠራቸው ሕንፃዎች ሥር የጀርሲ ነጋዴዎች ተደርድረዋል። ቀይና ነጭ። የሚያምረው ጀርሲ 300 ብር ተባልኩ፤ በ250 አወረድኩት። ስካርፍ 80። ሻጩ ልጅ ጎበዝ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ አዛም ለአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው፤ እርስዎ በተራ ቲሸርት ሊቀበሉት ነው?» አለኝ። «ጋሼ» መባሉ ትንሽ ቢያመኝም ከፈልኩ።

ግንቡን ብዙ ሰው ጽፎበታል፤ ልለፈው። አንድ ነገር ብቻ። ዐፄ ፋሲል ከተማዋን የቆረቆሩት በ1636 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ክለቡ ስማቸውን ይዟል፤ ደጋፊውም ቡድኑን «ዐፄዎቹ» ነው የሚለው። ጃንተከል ዋርካ ሥር ቁጭ ብለህ ሁለት ሽማግሌዎች «ዐፄዎቹ በግራ በኩል ክፍተት አለባቸው» ሲሉ ስትሰማ የትኛው ዘመን ላይ እንዳለህ ይምታታብሃል።

ዋናው ሥራዬ የአውቶቡስ ወንበር ማግኘት ነበር። ምዝገባው በሉክ ደብተር ነው። ደርሶ መልስ 150 ብር። ከሳምንት በፊት በዘመድ በኩል አስመዝግቤ ነበር፤ ስደርስ ስሜ የለም። ደብተሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ደብተር እቤት ቀርቷል። የያዘው ልጅ ተደወለለት፤ ስልኩ ዝግ ነው። አንድ ሰዓት ቆየን። በመጨረሻ አንዲት ስካርፍ ራሷ ላይ ያሰረች ሴትዮ ሁላችንንም ዞር ዞር ብላ አየችና «ጀርሲ የገዛ ሰው ቀርቶ አይቀርም፤ ጻፈው» አለች። ተጻፍኩ። 250 ብሩ ወጪውን መለሰ።

ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር ድራፍት ቤት ገባን። ፍልሰታ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ለውዝና ቆሎ ብቻ አለ፤ ቢራው ግን እንደ ጉድ ይወርዳል። ቢራ ፆም አይፈታም የሚለው ክርክር ጎንደር ላይ ካለቀ ቆይቷል። የሚጠጣው ያው የከተማው ዳሸን ነው። ወሬው ወደ ድሮ ተመለሰ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ጎንደርን ፕሪምየር ሊግ ላይ የሚወክላት የፋብሪካው ቡድን፣ ዳሸን ቢራ ነበር። በ2008 ዳሸን ወረደ፤ በዚያው ዓመት ፋሲል አደገ። የአክስቴ ልጅ «የከተማው ቡድን ሲያድግ ነው ከተማው ያበደው» ይላል። ለዳሸን ቢራ የጮኹ ሰዎች አጠገቡ ተቀምጠው ስለነበር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለው።

እሑድ፣ ነሐሴ 5፦ ጎንደር፣ አዲስ ዘመን፣ ባሕር ዳር፣ ጎንደር

ጠዋት 12 ሰዓት ተባለ፤ የተነሳነው 2 ሰዓት ከሩብ ነው። ቀኑ አረፋ ነው። ከጓደኞቻችን ግማሹ መጀመሪያ ሶላት፣ ከዚያ ቤተሰብ አሉን። «ሰግደን በሚኒባስ እንደርስባችኋለን» ብለው ቦታቸውን ለተጠባባቂ ሰጡ። ደግሞም ደረሱ፤ ወረታ ላይ ጥሩምባ እየነፉ አለፉን። አንዱ በመስኮት በፌስታል ሥጋ እያሳየን ነበር። እኛ ጾመኞቹ ሰደብነው።

አዘዞን ስናልፍ ሰው ከየሱቁ ወጥቶ እጁን ያውለበልብ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ከበሮ አለ፤ የሚያስተኛ ነገር የለም። ማክሰኚት፣ እንፍራንዝ። አረንጓዴው ዓይን ያደክማል። አዲስ ዘመን ለመጠበስ የደረሰ እሸት በቆሎ ቀርቦ ነበር፤ አንዱ 5 ብር። ሴትዮዋ ከሰሉን በጣሳ ክዳን ታራግባለች። ስምንት አውቶቡስ ሙሉ ሰው በአንዴ ሲወርድባት «በየተራ! ኳሱ አይሄድም!» እያለች ነበር የምትሸጠው።

አጠገቤ የነበሩት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚላቸው። ከጀርሲያቸው በላይ ካፖርት ለብሰዋል። ኪሳቸው ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና ቢክ አለ። የአፍሪካ ክለቦችን ነገር ከእሳቸው ሰማሁ። የአህጉሩ የሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ መጀመሪያ ሲደረግ፣ በ1964 እንደ አውሮፓውያን፣ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ግማሽ ፍጻሜ ድረስ ሄዷል። ፍጻሜው አክራ ላይ ተደርጎ የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደው። «እኛ እኮ ጅማሬው ላይ ነበርን» ይላሉ ጋሼ፣ የተበደረ ሰው ያልከፈላቸው ይመስል። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ2017 እንደ ፈረንጅ የሻምፒዮንስ ሊግ ምድብ እስኪገባ ድረስ ያለውን ዘመን በአንድ እጃቸው ምልክት አለፉት።

ኮንፌዴሬሽን ካፕ የሚባለውን ደግሞ እንዲህ አስረዱኝ። ድሮ ሁለት ውድድር ነበር። አንዱ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፣ ሌላው የካፍ ካፕ። ከ2004 ጀምሮ፣ ይኼም እንደ አውሮፓውያን፣ ሁለቱ ተዋህደው አንድ ሆኑ። የአገሩን ዋንጫ የወሰደ ክለብ የሚገባው እዚህ ነው። ከዚያ ዋናውን ነገር አመጡ። «የካፍ የውድድር ዘመን አሁን የሚጀምረው ነሐሴ ነው። እኛ ነሐሴ ላይ ምን እናደርጋለን? ጭቃ እንጠርጋለን!» አሉ። ሊጋችን የተዘጋው ከሳምንታት በፊት ነው። ተጫዋቹ እረፍት ላይ ነበር፤ የሚሄደው ሄዷል፤ የሚመጣው ገና ነው። አዛም ግን ባለፈው ወር ኪጋሊ ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ክለቦች የሚጫወቱበትን የካጋሜ ዋንጫ ፍጻሜ ተጫውቶ ነው የመጣው። በዩጋንዳው ኬሲሲኤ 1 ለ 0 ቢሸነፍም እግሩ ሞቋል። ከኋላውም የባክሬሳ ኩባንያ አለ፤ ዱቄት፣ ጭማቂ፣ አይስክሬም፣ ቴሌቪዥን። የራሱ ሜዳ አለው። ዳሬሰላም ላይ ሲጫወት እቤቱ ነው የሚጫወተው። ይህን ሲሉ አውቶቡሱ የፎገራን የሩዝ ማሳ እያቋረጠ ነበር።

ባሕር ዳር ምሳ ላይ ጠብ ነበር። ግማሹ ዓሣ ይብላ ይላል፣ ግማሹ ፍልሰታ ነው፣ ዓሣም አይበላም ይላል። የጣና ዓሣ ጥብስ ሽታ ፊትህ ላይ እየመጣ ስለ ቀኖና መከራከር ከባድ ነው። እኔ በያይነቱ በላሁ፤ 50 ብር። ጋሼ ምን እንደበሉ አልናገርም።

ስታዲየሙ ግዙፍ ነው። ከ50 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል። ግን ያኔ ሥራው አላለቀም ነበር፣ ጣራም አልነበረውም። መግቢያው ላይ ቀበቶ፣ ላይተር፣ የባንዲራ እንጨት ይወሰዳል። ጃንጥላ ግን ያልፋል። ጫፉ የሾለ ጃንጥላ! ለምን እንደሆነ የሚያስረዳ ሰው አልተገኘም። የባሕር ዳር ልጆችም መጥተዋል፤ የከተማቸውን ክለብ፣ የጣና ሞገዶቹን፣ ማልያ ለብሰው ለፋሲል የሚጮኹ አየሁ። «ዛሬ ብቻ ነው፤ ሊጉ ሲጀመር እንተያያለን» አለኝ አንዱ።

ጨዋታውን በሰፊው አልተርክም። አዛሞች አይቸኩሉም። ኳሱን ይዘው ይጠብቁሃል። የእኛ ልጆች ግን ሮጠው፣ ገፍተው፣ ደጋፊው በሚጮኸው ፍጥነት ነው የተጫወቱት። ጎሏን አላየኋትም። ማካፋት ሲጀምር ፊት ለፊቴ አንድ ባለ ሰማያዊ ጃንጥላ ተዘረጋ። «አጥፈው!» ብንለው አልሰማም። ከዚያ ድንገት መላው ረድፍ ተነስቶ ላዬ ላይ ወደቀ። ጃንጥላው ተገለበጠ። ጋሼ ካፖርታቸውን አውልቀው ያወዛውዛሉ። 1 ለ 0። ባለ ጃንጥላውም እኔን አቅፎ ይዘላል፤ ምን ልበለው።

በዚያው አለቀ። ሰው ከስታዲየም ሲወጣ ሁለት ዓይነት ፊት ነበር። ወጣቶቹ ይጨፍራሉ። ትልልቆቹ «ሁለተኛዋን ብናገባ ኖሮ» ይላሉ።

መልሱ ላይ ነው ፍዳው የመጣው። ከወረታ አለፍ ብለን ጎማ ፈነዳ። ጨለማ፣ ዝናብ፣ ጭቃ። ትርፍ ጎማ አለ፣ ክሪክ የለም። ረዳቱ «ጠዋት ነበረ» ይላል። ሌላ አውቶቡስ አስቁመን ክሪክ እስክንዋስ ከአንድ ሰዓት በላይ ሆነ። ክሪኩ ሲገኝ ደግሞ ጭቃው ውስጥ እየሰመጠ አላነሳ አለ። አንድ የአካባቢው ገበሬ ፋኖስ ይዞ ወጣ፣ ሁኔታውን አየ፣ ምንም ሳይል ተመለሰና ወፍራም ሳንቃ አመጣ። ክሪኩን ሳንቃው ላይ አቆሙት፤ ተነሳ። ብር አዋጥተን ልንሰጠው ስንል እምቢ አለ። «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ብቻ ጠየቀ። ነገርነው። «ጥሩ ነው» አለና ሳንቃውን ተሸክሞ ገባ።

ጋሼ ያን ሰዓት አውቶቡስ ውስጥ በስልክ መብራት ደብተራቸው ላይ እየጻፉ ነበር። ገጹን አሳዩኝ። በቀኝ በኩል በመልሱ ጨዋታ ዳሬሰላም ላይ ሊሆን የሚችለው ውጤት፣ በግራ በኩል ምልክት። እኩል ከወጣን እናልፋለን። 1 ለ 0 ከተሸነፍን መለያ ምት። 2 ለ 0 ወደቅን። 2 ለ 1 ብንሸነፍም ድምሩ እኩል ይሆንና ከሜዳ ውጪ ባገባነው እናልፋለን፤ 3 ለ 2ም እንዲሁ። አዛም ባሕር ዳር ላይ ስላላገባ ነው ይኼ ሁሉ። «3 ለ 1» የሚለው ላይ ኤክስ ነበረ። ከሌሎቹ ኤክሶች ምንም የተለየ አልነበረም።

ጎንደር የገባነው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ አልተኛችም። ሱፍ ፍትፍት አስቀምጣልኝ ነበር። ቀዝቅዟል፤ ግን ሱፍ ፍትፍት ሲቀዘቅዝ ነው የሚሻለው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 6፦ ጎንደር

እስከ ቀትር ተኛሁ። ከሰዓት ፒያሳ ወጥቼ ማኪያቶ ጠጣሁ፤ 10 ብር። አዲስ አበባ ላይ ለሁለት ሲኒ የሚበቃ ቡና ነው አንዱ ሲኒ ውስጥ ያለው። የጀርሲው ሻጭ አየኝና «አላልኩዎትም?» አለኝ። ዋጋው ወደ 350 ወጥቷል።

ከተማው ሁሉ ተንታኝ ሆኗል። ባጃጅ ሾፌሩ፣ ሊስትሮው፣ ፋርማሲ ውስጥ ያለችው ልጅ። አንድ ጥያቄ ግን ከሁሉም አፍ ይወጣ ነበር። ጎንደር ላይ ቢሆንስ? ትናንት አሥር ሰዓት መንገድ ላይ የዋሉት፣ ብሩ ያልበቃቸው፣ እንደ አክስቴ አውቶቡስ የማይችሉት ሁሉ፣ ሜዳው እዚህ ቢሆን በእግራቸው ሄደው ያዩት ነበር። የሜዳ ጥቅም የሚባለው ያ ነው። እኛ ባሕር ዳር ተሸክመን የሄድነው ግማሹን ነው። ሣር፣ መልበሻ ክፍል፣ ወንበር፣ መብራት፤ ካፍ የሚጠይቀው ተአምር አይደለም። የሲሚንቶና የጊዜ ጉዳይ ነው። ኳስ በሚወድ ከተማ ይኼ ነገር ለምን እንደሚዘገይ አይገባኝም።

ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። ዓባይ በረሃ ላይ ምንም አልገጠመንም፤ ስለዚህ ምንም አልጽፍም።

ከመልሱ ጨዋታ በኋላ፦ አዲስ አበባ

ዳሬሰላም ላይ አዛም 3 ለ 1 አሸነፈ። በድምር 3 ለ 2። አንዲት ጎል ጨምረን 3 ለ 2 ብንሸነፍ ኖሮ አልፈን ነበር። የሊጉ ሻምፒዮን መቐለ 70 እንደርታም በሻምፒዮንስ ሊጉ በኢኳቶሪያል ጊኒው ካኖ ስፖርት ወደቀ። ሁለቱም ተወካዮቻችን ቅድመ ማጣሪያው ላይ ቀሩ። አዛምም ብዙ አልራቀ፤ ቀጥሎ በዚምባብዌው ትሪያንግል ዩናይትድ ተሸኘ።

ጋሼ ጋር ደወልኩ። የሚያዝኑ መስሎኝ ቀስ ብዬ ነው የጀመርኩት። «ደብተሩ ላይ ነበረ እኮ» አሉኝ፣ ትንሽ ኩራት ባለበት ድምፅ። ከዚያ የሊጉ ፕሮግራም መቼ እንደሚወጣ ጠየቁኝ። አዲስ አበባ ስለምኖር ቀድሜ የማውቅ መስሏቸዋል።